የጾመኛው ደም

«እህቴ፣ ቀስ በይ... እኔ መርፌ እፈራለሁ!»

ወርቅውሃ ሳቋ አመለጣት። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሸሚዙ ሲሚንቶ የጠገበ ጎረምሳ ነው። እሱ ሆዬ መርፌ ይፈራል!

«ሲሚንቶ ስትሸከም እየዋልክ ይቺን ትፈራለህ?»

«ሲሚንቶ አይዋጋማ!»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ በሳቅ ነው ወገኖቼ። መጨረሻውን ብታውቅ ኖሮ ያን ቀን ትስቅ ነበር? እኔ እንጃ።

ወርቅውሃ ብርሃን ካርቱም ተወልዳ ቡሪ ሰፈር ያደገች ሐበሻ ናት። አባቷ በደርግ ጊዜ ተሰዶ የመጣ ሰው ነበር፤ በሦስት ዓመቷ ሞተባትና መልኩን የምታውቀው ከአንዲት ትንሽ ፎቶ ብቻ ነው። እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ ሰው ቤት ሠርታ አስተማረቻት፤ እሷም አላሳፈረቻትም። የላቦራቶሪ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በቁጥር ከሚጠሩት መንገዶች በአንዱ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሥር ደም ትቀዳለች። አማርኛዋ መሀል መሀሉ ላይ ዐረብኛ ይገባበታል። ስትናደድማ ጭራሽ ግማሹ ዐረብኛ ነው።

ልጁ ደግሞ ጀምበሬ ምስጋናው ይባላል፤ የጭልጋ ልጅ። ካርቱምን መሸጋገሪያ አድርገው በረሃውን ሊያቋርጡ ከመጡት አንዱ ነው። ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ዓመት የቀን ሥራ ሠራ። በዚያ ሰሞን ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ሲገነባ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ ላይ ሳለ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። የክሊኒኩ ሐኪም፣ ሱዳናዊቷ ዶክተር ዘምዘም፣ ደሙ ይመርመር አለች።

«ዛሬ ምን በልተሃል?» ወርቅውሃ ጠየቀችው።

«ምን እበላለሁ፣ ዐቢይ ጾም አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ሥጋና ቅቤማ ካየሁ ወር አልፎኛል።»

«ተባረክ!» አለችው። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪወጣ ድረስ አልገለጠም።

በማግስቱ ውጤቱን አይታ ደነገጠች። ኮሌስትሮሉ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት! የደህና ሰው ከሁለት መቶ አያልፍም። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ደገመችው። ያው ነው። እዚህ ላይ ነው ጥፋቷ። መርማሪ ነሽ፣ ወረቀቱን ሰጥተሽ ዝም አትይም? እሷ ግን ሐበሻ ናትና ጾሙ ቆጫት።

«ጀምበሬ፣ ይሄ የጾመኛ ደም አይደለም!» አለችው፣ ሰው በተቀመጠበት።

«ምን ማለት ነው?»

«ስብ ነዋ! ደምህ ሙሉ ስብ ነው። ጾምኩ ትለኛለህ፣ ሥጋ ቤት ነው እንዴ የምትውለው? ወላሂ፣ እኔን አትዋሽ!»

ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሐበሾች ተያይተው ሳቁ። ጀምበሬ ፊቱ ደም መሰለ። ተነሥቶ ቆመ።

«እህቴ፣ እኔ ድሃ ነኝ እንጂ ውሸታም አይደለሁም» አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

ሳምንት አለፈ። ዶክተር ዘምዘም ወረቀቱን አይታ ወደ ታች ወረደች።

«የዚህን ልጅ እጅ አይተሽዋል?» አለቻት። «የጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ እብጠት አለ?»

ወርቅውሃ አስታወሰች። አዎ፣ በጣቶቹ አንጓ ላይ ጠንካራ ጠንካራ እብጠት ነበረበት። እሷ የጉልበት ሥራ ያወጣበት መስሏት ነበር።

«ይሄ የምግብ አይደለም፣ የዘር ነው» አለች ዶክተሯ። «እሱ እንኳ ዕድለኛ ነው፣ ከአንድ ወገን ነው የወረሰው፤ መድኃኒት ይመልሰዋል። ከእናትም ከአባትም የወረሰች አንዲት ልጅ ኦምዱርማን አውቅ ነበር። ጉልበቷ፣ ክርኗ፣ ሁሉ እንዲህ አብጦ... መድኃኒቱ አልሠራ አላት። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት በልብ ሄደች። ያላ፣ ፈልገሽ አምጪው!»

ወርቅውሃ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ጾመኛውን ሰው በሰው ፊት አዋረደችው!

በማግስቱ ጠዋት ረክሻ ይዛ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምትሉትን ማለቴ ነው፣ የቀን ሠራተኞች ወደሚቆሙበት መስቀለኛ መንገድ ሄደች። ሐበሻው፣ ሱዳኑ፣ መዶሻና የቀለም ብሩሹን ይዞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ጀምበሬ አያትና ፊቱን አዞረ። እሷም በሰው ፊት ያዋረደችውን በሰው ፊት ልትክስ ቆርጣ ነበር።

«ስሙኝማ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ሰውዬ ጾመኛ ነው! ውሸታሟ እኔ ነኝ!»

ሠራተኛው ሁሉ ዞረ። ከዚያ አንዱ አፏጨ፣ ሌላው አጨበጨበ። ጀምበሬ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም!»

«ጤና የሌለህ አንተ ነህ። ና፣ ሻይ ልጋብዝህ። ያለ ወተት!»

ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ ከምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እሷም በዚያ በተቀላቀለ አማርኛዋ ታስረዳው ጀመር።

«ስማኝ። ስብ ብቻውን ደም ውስጥ አይሄድም። ደም ውሃ ነው፣ ከስብ ጋር አይስማማም። ስለዚህ በትንንሽ ረክሻ ተጭኖ ይሄዳል በለው። ጉበትህን ደግሞ ሪያድ ሰፈር በለው፤ ቪላ በቪላ። እያንዳንዱ ሴል አንድ ቪላ ነው። በሩ ላይ ገፊር አለ።»

«ዘበኛ።»

«አዎ። ረክሻዋ ስትመጣ ገፊሩ ያዝ ያደርጋትና ግቢ ውስጥ ያስገባታል። ጭነቱ ይራገፋል። ገፊሩ ተመልሶ በሩ ላይ ይቆማል፣ ሌላዋን ይጠብቃል።»

«የኔ ገፊር ታዲያ ምን ሆነ?»

«ያንተ ግማሹ በር ገፊር የለውም። ሲፈጥርህ የለም፣ የወረስከው ነው። ረክሾቹ የሚያስገባቸው አጥተው ሲዞሩ ይውላሉ፤ በመጨረሻ ጭነታቸውን የልብህ መንገድ ዳር ያራግፋሉ። መንገዱ ይጠባል። ጾምክ አልጾምክ፣ ጉበትህ ራሱም ስቡን ይሠራዋል። ጾምህ አልጎደለም ጀምበሬ። ማዕሌሽ... ይቅር በለኝ።»

ጀምበሬ ሻዩን ረስቶ ጣቶቹን ያይ ነበር።

«ይሄስ?»

«እሱም ማረፊያ ያጣ ጭነት ነው።»

«አባቴም እንዲህ ነበር እጁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ላይ አውድማ ላይ ወደቀ። መጋኛ መታው አሉ። አያቴም አርባን አላየም። የኛ ቤት ወንድ ከድሮም ልጁን አይቶ አይጠግብም እኮ... እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። አርጅቼ ልጄን ጎልማሳ ሆኖ ላየው፣ እሱም ሳይወድቅ።»

«ታያለህ። ክኒኑ ጉበትህን ተጨማሪ ገፊር ያስቀጥረዋል። ግን በየቀኑ ነው፣ ዕድሜ ልክ።»

«ዕድሜ ልኬን አንቺ ካቀበልሽኝ እውጣለሁ።»

ወርቅውሃ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። የሻይ ሻጯ አማርኛ አትሰማም፤ ግን ፈገግ አለች። እንዲህ ያለው ነገር በየትኛው ቋንቋ አይገባም?

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! ጀምበሬ በረሃውን ተወው። ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ ቀረ። ቀለም መቀባት ተማረ፣ ክብደት መሸከም አቆመ። ዓርብ ዓርብ ቡሪ፣ ዓባይ ዳር ይቀመጡ ነበር፤ አማርኛዋን ያርማታል፣ ዐረብኛውን ታርመዋለች። አንድ ዓርብ እጇን ያዘና፣

«ከዛሬ ጀምሮ እህቴ አልልሽም» አላት።

«ምን ልትለኝ?»

«ቆይ፣ ቃል አላገኘሁለትም... ሽማግሌ ልልክ ነው ወርቄ።»

እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ብቻ እጇን አልነጠቀችውም።

ሽማግሌ የሆኑት አቶ ተስፋጽዮን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በስደት የኖሩ፣ የሐበሻው ሁሉ አማላጅ። ጀምበሬም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተከትሏቸው መጣ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ዶሮ ሠርታ ጠበቀች። ማስታጠቢያውን ይዛ መጀመሪያ ሽማግሌውን አስታጠበች፤ ቀጥሎ ልጁን። ውሃው በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ። ወይዘሮ ብርቅነሽ እጁን አየች። ደግማ አየች።

«አባትህ ማን ነበር ያልከኝ ልጄ?»

«ምስጋናው።»

«የምስጋናው አባትስ?»

«ፍሰሐ።»

«የፍሰሐስ?»

«ጉግሳ። የጭልጋው ጉግሳ ይሉታል።»

ውሃው ከእጁ አልፎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ወርቅውሃ ሳቀች፤ እናቷ ደስታው አፍዝዟት መሰላት።

«የናንተንስ ይቁጠሩልን እንጂ» አሉ አቶ ተስፋጽዮን።

«ይደርሳል፤ ምግቡ ይበርዳል፣ ብሉ» አለች ወይዘሮ ብርቅነሽ። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እንግዶቹ እንደ ሄዱ ልጇን ማድ ቤት አስቀመጠቻት።

«ያ እጅ የአባትሽ እጅ ነው» አለቻት። «ብርሃን እንዲሁ ነበር ጣቱ። አባትሽ ብርሃን ጌታሁን፤ ጌታሁን ደግሞ የጉግሳ ልጅ። ጌታሁንና ፍሰሐ ወንድማማች ነበሩ፤ በመሬት ተጣልተው ጌታሁን ወደ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። ልጄ... ሦስተኛ ቤት ላይ ትገናኛላችሁ። ሰባት ቤት ካላለፈ ደግሞ አይጋቡም።»

«እማዬ፣ በሰው አገር ማን ይቆጥራል?»

«እግዜር ይቆጥራል።»

ሦስት ቀን እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። ወርቅውሃ እህል አልቀምስ አለች። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ብርቅነሽ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ በሰው ቤት አለቀ። ያንቺን ሠርግ ሳላይ ጉግሳን ይዤ መቃብር ልግባ? የማውቀው እኔ፣ የምታውቂው አንቺ። ኻላስ! አፌን ዘግቻለሁ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

ወርቅውሃ እግሯ ላይ ወደቀች። ጉልበቷን ሳመች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ደስታዋ አንድ ሌሊት አደረ።

በማግስቱ ሥራ ገብታ የሰው ደም ስትመረምር፣ የእናቷ ቃል መጥቶ እንደ እሾህ ተሰነቀረባት። ያ እጅ የአባትሽ እጅ ነው። አባቷ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር የሞተው። ድንገት። ገበያ መሀል።

በሩን ዘጋች። ክንዷን አሰረች። በግራ እጇ መርፌውን ይዛ ራሷን ወጋች።

ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት።

ደገመችው። ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት።

እሷም ግማሹ በሯ ገፊር የለውም። ተጋብተው ቢወልዱ፣ ከአራት አንዱ ልጅ ከሁለቱም ይወርሳል። እንግዲህ ለዚያ ልጅ አንድም የሚረባ ገፊር የለም። መድኃኒቱም ከየት አምጥቶ ይቀጥርለታል? የኦምዱርማኗ ልጅ መጣችባት፤ ያበጠ ጉልበቷ፣ ያልሞላው ዘጠኝ ዓመቷ። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ተጋብተው ሳይወልዱ መኖር አይችሉም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሷም አስባዋለች። ዓርብ ዓባይ ዳር ሆነው፣ እንደ ቀልድ አድርጋ ጠየቀችው።

«ልጅ ባንወልድስ ጀምበሬ?»

«ላንቺ ስል? ይቅር!» አለ ወዲያው፣ ሳያቅማማ። ሳቀ ደግሞ። ግን ወዲያው ዓይኑ ውሃው ውስጥ ከሚንቦጫረቁት ሕፃናት ዘንድ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት።

ወርቅውሃ ያን ዓይን አየች። ብትነግረው አይሄድም። ልጁን ሳያይ፣ የለመነውን አንዱን ነገር ሳያገኝ፣ እሷን እያቀፈ ያረጃል። አንድም ቀን አማርሮ አይነግራትም። እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ያን ዓይን ታያለች። እንዴት ትቻለው?

ከሁለቱ እውነቶች አንዱን መረጠች።

«ጀምበሬ፣ እኛ ዘመድ ነን» አለችው። ስለ ጉግሳ፣ ስለ ጌታሁን፣ ስለ ሦስተኛው ቤት ነገረችው። ስለ ደሟ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እናትሽ ከለከሉ?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

«ወርቄ፣ እዚህ ካርቱም ማን ይቆጥርብናል?»

«እኔ እቆጥራለሁ።»

«አማርኛውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርሺ ሰባት ቤት መቁጠር ተማርሽ?» ድምፁ ተሰበረ። «አትወጂኝም ነበር በቃ! አትወጂኝም ነበር በይኝና ልሂድ!»

አፏን ከፈተች። ያን ውሸት ግን አፏ እምቢ አላት።

«እህቴ በለኝ» አለችው።

«አልልም!»

«በለኝ ጀምበሬ... እንደ መጀመሪያው ቀን። ክኒንህን ደግሞ እንዳታቋርጥ።»

አሸዋውን ከሱሪው ላይ አራገፈ። ከዚያ፣

«ደህና ሁኚ፣ እህቴ» አለ። ቃሉን እንደ ድንጋይ ወረወረባት። ዞሮ ሳያያትም ሄደ።

በዓመቱ አገባ። ሚስቱ ለተብርሃን ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ደግ ልጅ። ከሠርጉ በፊት ዶክተር ዘምዘም የልጅቷ ደም ይታይ ብላ አዘዘች። የሙሽሪትን ደም የቀዳው ማን ይመስላችኋል? ወርቅውሃ ናት። ንጹሕ ነበር። «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ወረቀቱን ሰጠቻት። ያን ቀን የተሰበሩት ብልቃጦች ሁለት ናቸው።

ጀምበሬም መድኃኒት ሊወስድ በየወሩ ይመጣል። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» በቃ። ስድስት ዓመት በዚሁ አለፈ። ወርቅውሃን የጠየቁ ነበሩ፤ እሷ ግን አላገባችም።

ከዚያ፣ በዐቢይ ጾም መሀል አንድ ቀን ጠዋት፣ ጀምበሬ የአራት ዓመት ልጁን ናርዶስን አቅፎ መጣ። የሱ ልጅ ናትና መመርመር አለባት። ሕፃኗ አማርኛና ዐረብኛ ስትቀላቅል ልክ ወርቅውሃን ትመስላለች።

«ሰላም በያት» አላት አባቷ። «ዐምቶ በያት።»

ዐምቶ በዐረብኛ የአባት እህት ነው። ወርቅውሃ ቶሎ ብላ ጓንቷን አጠለቀች።

«ዐምቶ፣ ያማል?»

«ትንሽ። አባትሽም ይፈራ ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

ሕፃኗ አላለቀሰችም። ጀምበሬ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ሁለቱም ግድግዳውን አዩ። ወረቀቱ ወጣ። መቶ አርባ ስምንት። ወርቅውሃ ደገመችው። መቶ አርባ ስምንት!

«ጀምበሬ...» አለችው። «ይሄ የጾመኛ ደም ነው!»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ልጁን ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያዘና ሳቀ፣ አለቀሰም።

«በሮቿ ሙሉ ናቸው?»

«አንድ ገፊር አልጎደለባትም።»

ወርቅውሃ ጓንቷን አወለቀች። ቧንቧው ያን ቀን ውሃ አልነበረውም፤ ጀምበሬ ጥግ የነበረውን ኢብሪቅ፣ የውሃ ማንቆርቆሪያውን፣ አነሣና ያስታጥባት ጀመር። ናርዶስም ልታጠብ ብላ ትንንሽ እጆቿን ሥር ከተተች። ውሃው ፈሰሰ።

«ባባ! የዐምቶ እጅ እንዳንተ ነው!»

ወርቅውሃ እጇን ልትሰበስብ ፈለገች። ዘግይታለች። በጣቶቿ አንጓ ላይ፣ ገና ትንንሽ፣ ግን ጠንካራ ጠንካራ እብጠቶች። ጀምበሬ ኢብሪቁን እንደያዘ ቀረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እናቴ ባስታጠበችህ ሳምንት።»

«ከጉግሳ ሌላ... ይሄም ነበር?»

«ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም ወርቄ?» ከዚያ ከዓባይ ዳሩ ቀን ወዲህ ወርቄ ብሏት አያውቅም።

«ብነግርህ አትሄድም ነበር።»

«አልሄድም ነበር!»

«አውቃለሁ» አለች፣ ናርዶስን እያየች። «ለዚህ ነው።»

እጇ ከጸዳ ቆይቷል፤ እሱ ግን ማፍሰሱን አላቆመም።

«ባባ፣ ውሃው አለቀ» አለች ናርዶስ።

ኢብሪቁን አስቀመጠ። ልጁን አቀፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ያኔ ዓባይ ዳር ያልዞረውን።

«አንቺስ ክኒንሽን ትውጫለሽ?»

«በየቀኑ።»

«እንዳታቋርጪ... እህቴ» አላት። ይህን ጊዜ ቃሉን አልወረወረውም። በሁለት እጁ ይዞ እንደሚያቀብል ሰው ቀስ ብሎ ሰጣት።

ናርዶስ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አውለበለበችላት፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ።

ወርቅውሃ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ዓባይ ዳር የዋጠችውን ልቅሶ ያን ጠዋት አለቀሰችው። ከዚያ ፊቷን ጠረገች። ክኒኗን ዋጠች። አዲስ ጓንት አጠለቀችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።